የውጭ አገር ምደባ ወይስ አዲስ አበባ? ስለ ሙያ ዕድገት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መሥሪያ ቤታቸው ወደ ሌላ አገር ሊልካቸው ያሰበ፣ ተልከው በሥራ ላይ ያሉና ሊመለሱ የተቃረቡ ባለሙያዎች የሚያነሷቸው ጥያቄዎች በጣም ይመሳሰላሉ። የአየር መንገድ ሠራተኛም ይሁን የባንክ፣ የዕርዳታ ድርጅትም ይሁን የኤምባሲ፣ ጭንቀቱ አንድ ነው፦ ብሄድ ምን አገኛለሁ? ብቀር ምን ያመልጠኛል? ስመለስስ የት እቀመጣለሁ? ከዚህ በታች ያሉት መልሶች በሰው ሀብት አስተዳደር ሥራ ላይ ሆኜ ሰዎችን ስሸኝና ስቀበል የተማርኳቸው ናቸው። በኤጀንሲ በኩል ለቤት ሠራተኝነትና ለመሰል ሥራ የሚደረገው ጉዞ በአዋጅ ቁጥር 923/2008 የሚተዳደር ሌላ ሰፊ ጉዳይ ስለሆነ እዚህ አላነሳሁትም።

የውጭ ምደባ በውጭ አገር ከመቀጠር በምን ይለያል?

ሥራው ሲያልቅ ወንበር የመስጠት ግዴታ ያለበት ማን ነው? ልዩነቱ ያለው እዚህ ላይ ነው።

መሥሪያ ቤትዎ ወደ ራሱ የውጭ ቅርንጫፍ ሲልክዎት የሥራ ውልዎ አገር ቤት ይቆያል። እርከንዎም ሆነ የአገልግሎት ዘመንዎ እዚሁ ይቆጠራል። ሁለተኛው መንገድ በውሰት መሄድ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ለምሳሌ መቀመጫው የቶጎ ዋና ከተማ ሎሜ በሆነውና እ.ኤ.አ. በ2010 በረራ በጀመረው አስካይ አየር መንገድ ውስጥ ድርሻ አለው፤ በማላዊ አየር መንገድም የ49 በመቶ ባለድርሻ ሆኖ ገብቷል። እንዲህ ዓይነት ሽርክና ባለበት ሁሉ የእናት ኩባንያው ባለሙያዎች ወደ እህት ኩባንያው ሄደው ይሠራሉ። በውሰት የሄደ ሰው ሁለት አለቃ አለው፤ አንዱ የዕለት ሥራውን ያዘዋል፣ ሌላው ዕድገቱን ይወስንለታል። ሦስተኛው መንገድ ከሥራ ለቅቆ በዓለም አቀፍ ድርጅት ወይም በውጭ ኩባንያ መቀጠር ነው፤ በዚህኛው አገር ቤት የሚጠብቅዎት ቦታ የለም።

ብዙ ሰው ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ያምታታል። የሚሄዱበት ኩባንያ አዲስ የቅጥር ውል አምጥቶ «እዚህ ላይ ይፈርሙ» ካለዎት፣ የነባሩ ውልዎ ዕጣ ምን እንደሆነ በጽሑፍ ሳያውቁ እስክሪብቶ አያንሱ።

ለዕድገት የሚጠቅመው መሄድ ነው ወይስ እዚሁ መቆየት?

ምደባ ሙያን ያሰፋል፤ ሹመት ግን የሚወሰነው ዋናው መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው። ይህን ያልተረዳ ተመዳቢ በሥራው ጎበዝ ሆኖ ሳለ ከእኩዮቹ ኋላ ይቀራል።

በጥቂት ሰዎች የሚንቀሳቀስ የአየር መንገድ የውጭ ጣቢያ ኃላፊን ውሎ ይመልከቱ። ጠዋት ከጉዞ ወኪሎች ጋር በሽያጭ ኮሚሽን ይደራደራል። ረፋድ ላይ የአገሩ ማዕከላዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ስላልፈቀደ የተጠራቀመውን የቲኬት ሽያጭ ገንዘብ እንዴት ወደ አገር እንደሚያስተላልፍ ባንክ ቤት ቁጭ ብሎ ይከራከራል። ከሰዓት ጉምሩክ የያዘውን ጭነት ሊያስለቅቅ ወደ ኤርፖርት ይሮጣል፤ ማታ በረራ ሲዘገይ ለመንገደኞች ሆቴል ይፈልጋል። በዋናው መሥሪያ ቤት እነዚህ አራት የተለያዩ መምሪያዎች ናቸው፤ አንዱን በቅጡ ለማወቅ ዓመታት ይፈጃል። ጣቢያ የሠራ ሰው ግን ድርጅቱን ከላይ እስከ ታች አይቶት ይመለሳል።

አገር ቤት የቀረው ባልደረባስ? እሱ በየሳምንቱ ስብሰባ ላይ ይታያል። አዲስ ፕሮጀክት ሲዋቀር ስሙ ይነሳል። አለቃው ለሥልጠና ሲሄድ «ተጠባባቂ ኃላፊ» ተብሎ ይወከላል፤ ከተጠባባቂነት ወደ ቋሚ ሹመት ያለው መንገድ ደግሞ አጭር እንደሆነ በመሥሪያ ቤት የኖረ ሁሉ ያውቃል። ይህ ዕድል ርቀት ላይ ላለ ሰው አይደርሰውም።

የእኔ መለኪያ እንዲህ ነው፦ ምደባው በሚቀጥሉት ጥቂት ዓመታት አገር ቤት የማያገኙትን ኃላፊነት የሚሰጥዎት ከሆነ ይሂዱ። ያንኑ ሥራ በሌላ ከተማ በተሻለ አበል መሥራት ብቻ ከሆነ ግን ገንዘቡን ከሚያጡት የመታየት ዕድል ጋር አመዛዝነው ይወስኑ። ገንዘብ ማስፈለጉ አያሳፍርም፤ በሙያ ስም ራስን ማታለል ግን በኋላ ያስቆጫል።

ከመሄዴ በፊት በጽሑፍ ማስያዝ ያለብኝ ምንድን ነው?

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ። ሰዎች ከተመለሱ በኋላ ቢሮዬ መጥተው የሚያዝኑበት ጉዳይ አብዛኛው መነሻው ሳይሄዱ ያልተጻፈ መስመር ነውና።

የተለመደው የምደባ ደብዳቤ አንድ ገጽ ነው። ቁጥርና ቀን፣ «ጉዳዩ፦ ምደባን ይመለከታል»፣ የሚሄዱበት ከተማ፣ የሥራ መደቡ፣ የደመወዝና የአበል መጠን፣ ሥራ የሚጀምሩበት ዕለት፣ «መልካም የሥራ ዘመን እንመኛለን»፣ ፊርማ፣ ክብ ማኅተም፣ ከታች ደግሞ ግልባጭ የሚደርሳቸው ክፍሎች። ስለ መመለስ የሚናገር ነገር ከተገኘ በመጨረሻው አንቀጽ ያለች አንዲት ዐረፍተ ነገር ናት፦ «የምደባ ጊዜዎን ሲያጠናቅቁ መሥሪያ ቤቱ እንደ አስፈላጊነቱ ይመድብዎታል»። ይህች ዐረፍተ ነገር መሥሪያ ቤቱን በምንም አታስገድደውም። ሲመለሱ መደብዎ ለሌላ ተሰጥቶ ቢያገኙት ደብዳቤውን ይዘው የሚከራከሩበት ነጥብ የለም። እንዲህ እንድትተካ ይጠይቁ፦ «ወደ ቀድሞ የሥራ መደባቸው ወይም በደረጃና በደመወዝ ከዚያ ወደማያንስ መደብ ይመለሳሉ»።

ቀጥሎ የአገር ቤት መነሻ ደመወዝዎን ይመልከቱ። በየዓመቱ ለባልደረቦችዎ የሚሰጠው ጭማሪና የእርከን ዕድገት እርስዎ በሌሉበትም እንደሚታሰብልዎ ይጻፍ። አበሉ ብዙ ስለሆነ ይህን የሚረሳ ሰው ሲመለስ በሄደበት ደመወዝ ይጀምራል፤ አብሮት የተቀጠረው ግን ሁለትና ሦስት እርከን ከፍ ብሎ ይጠብቀዋል። የሥራ አፈጻጸም ምዘናዎን ማን እንደሚሞላም ይታወቅ። የውጭው አለቃ ሞልቶ ለአገር ቤቱ ካልላከ፣ ዕድገት ሲወዳደሩ ማኅደርዎ ውስጥ ባዶ ዓመታት ይገኛሉ። በምዘና ነጥብ በሚሰጥ ዕድገት ባዶ ዓመት ዜሮ ሊሆን ይችላል።

የሚቆዩበት ጊዜ፣ ማራዘም የሚቻለው በሁለቱም ወገን ስምምነት መሆኑ፣ የሕክምና ዋስትናው ቤተሰብን ማካተቱና ለከባድ ሕመም ወደ ሌላ አገር መውሰድን መሸፈኑ፣ የዓመት ፈቃድ ቲኬት፣ የዕቃ ማጓጓዣ፣ የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ፣ ቅርንጫፉ ቢዘጋ ወይም ጦርነት ቢነሳ ምን እንደሚሆን፤ እነዚህም ይጻፉ። «ይህን ሁሉ ብጠይቅ ዕድሉን ለሌላ ይሰጡብኛል» ብሎ የሚፈራ ብዙ ነው። ከሄዱ በኋላ ግን የመደራደር አቅምዎ ይቀንሳል። መሥሪያ ቤቱ በጣም የሚፈልግዎት አሁን፣ ሻንጣዎ ሳይዘጋ ነው።

ያለ ደመወዝ ፈቃድ ወስጄ ውጭ ሠርቼ መመለስ እችላለሁ?

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛ በመብት የሚጠይቀው ያለ ደመወዝ ፈቃድ አጭር ነው፦ ለልዩና ለአሳሳቢ ጉዳይ እስከ 5 ተከታታይ ቀናት፣ ያውም በበጀት ዓመት ውስጥ ከሁለት ጊዜ ላልበለጠ። አንድና ሁለት ዓመት የሚሰጡ መሥሪያ ቤቶች ካሉ በኅብረት ስምምነታቸው ወይም በውስጥ መመሪያቸው ነው። ስለዚህ «አለቃዬ ተስማምቷል» የሚለው አይበቃም፤ አለቃ ይቀየራል። የመመለሻው ቀን የተጻፈበት፣ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ይያዙ።

ጡረታዬ ምን ይሆናል?

በግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 መሠረት ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው ደግሞ 11 በመቶ ያዋጣሉ፤ በ60 ዓመት ዕድሜ የዘለቄታ አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል። ውልዎ አገር ቤት ከቆየ መዋጮው መቀጠል አለበት። ከለቀቁ ወይም ያለ ደመወዝ ፈቃድ ላይ ከሆኑ ይቋረጣል።

ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። የጡረታ አበሉ የሚሰላው በመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ ላይ ነው፤ በዶላር የሚያገኙት የምደባ አበል እዚያ ውስጥ አይገባም። የአገር ቤት መነሻ ደመወዝዎ ባለበት ከቆመ ጡረታዎም አብሮ ይቆማል ማለት ነው። ከላይ ስለ እርከን አጥብቄ የጻፍኩት ለዚህም ጭምር ነው።

ውጭ ተቀጥረው ከሆነ ሥርዓቱ እንደ አገሩ ይለያያል። በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የጡረታ ፈንድ የጡረታ አበል መብት የሚገኘው ከ5 ዓመት መዋጮ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት የወጣ የራሱን መዋጮ ከነወለዱ ይዞ ይሄዳል። አራት ዓመት ከምናምን ሠርቶ ለመልቀቅ የሚያስብ ሰው ቀን መቁጠር አለበት። በአሜሪካ የማኅበራዊ ዋስትና ጡረታ ለማግኘት 10 ዓመት ገደማ የሥራ ዘመን ያስፈልጋል፤ አሜሪካ ከአፍሪካ አገሮች ጋር የአገልግሎት ዘመን የሚደማመርበት ስምምነት ስለሌላት አምስት ዓመት እዚያ፣ አምስት ዓመት እዚህ የሠራ ሰው ሁለቱን አንድ ላይ ማስቆጠር አይችልም። በጀርመን ከ60 ወር በታች የከፈለ ኢትዮጵያዊ አገሩን ለቅቆ 24 ወር ሲሞላው የራሱን ድርሻ መዋጮ እንዲመለስለት ማመልከት ይችላል፤ ይህን ባለማወቅ ገንዘባቸውን ትተው የመጡ አሉ። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች የሥራ ስንብት ክፍያ አለ፦ ለመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት በየዓመቱ የ21 ቀን፣ ከዚያ በላይ ላለው የ30 ቀን መነሻ ደመወዝ። እሱ ግን አንድ ጊዜ የሚከፈል እንጂ ጡረታ አይደለም።

ግብር የምከፍለው የት ነው?

በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ከ183 ቀን በላይ ኢትዮጵያ ውስጥ የኖረ ብቻ ሳይሆን መደበኛ መኖሪያው ኢትዮጵያ የሆነ ሰውም ነዋሪ ነው፤ ነዋሪ ደግሞ በውጭ አገር ያገኘው ገቢም ይታያል። ውጭ የከፈሉት ግብር የሚታሰብበት አሠራር ስላለ የተከፈለበትን ማስረጃ በሙሉ ያስቀምጡ። ከመሄድዎ በፊት ለግብር ባለሙያ የሚከፍሉት ገንዘብ አያስቆጭዎትም።

አበሉ ጥሩ ነው። ስመለስ ኑሮው አይከብደኝም?

ይከብዳል፣ ካልተዘጋጁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ። በውጭ ምንዛሪ ለሚከፈለው ተመዳቢ ይህ ትልቅ ጥቅም ነበር፤ የተመለሰው ባልደረባው ግን በዚያው ሰሞን በብር ደመወዙ የቤት ኪራይ አልገፋ ብሎት ነበር። ምክሬ አጭር ነው፦ የቤተሰቡን ቋሚ ወጪ በአገር ቤት ደመወዝ ልክ ይያዙ፤ አበሉ ለቤት፣ ለትምህርትና ለመጠባበቂያ ይዋል። ዘመድ ሲሄዱ ጀምሮ «ዶላር በላ» እያለ እንደሚጠብቅ ይታወቃል፤ በየወሩ መርዳት የሚችሉትን ለይተው ገና ከጅምሩ ይናገሩ።

ባለቤቴ ሥራ ትተው አብረውኝ ይምጡ?

ከሁሉም ጥያቄ ይልቅ ትዳርን የሚነካው ይህ ነው፤ የሚያሳዝነው ደግሞ በመጨረሻው ሳምንት መነሳቱ ነው።

መጀመሪያ ሕጉን ይወቁ። በአሜሪካ በኩባንያ ውስጥ ዝውውር ቪዛ የሄደ ሰው ባለቤት እ.ኤ.አ. ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ የተለየ ፈቃድ ሳይጠብቅ መሥራት ይችላል። የዓለም አቀፍ ድርጅት ሠራተኛ ባለቤት ግን በቅድሚያ የሥራ ፈቃድ ማውጣት አለበት። በብዙ አገሮች የተመዳቢ ቤተሰብ የመኖር እንጂ የመሥራት መብት የለውም። አንድ ከተማ ከመምረጥዎ በፊት ይህን ማጣራት ከደመወዝ ድርድር ይቀድማል።

ቀጥሎ ሁለቱንም ደመወዝ፣ ሁለቱንም ጡረታ፣ ሁለቱንም ዕድገት በአንድ ወረቀት ላይ ያስፍሩ። የአንዱ አበል የሌላውን ደመወዝ የሚተካ ቢመስልም የሦስት ዓመት የሥራ ክፍተት ሲመለሱ የሚያስከፍለው ዋጋ አለ። አንዲት የባንክ ባልደረባዬ ባለቤቷን ተከትላ ናይሮቢ ስትሄድ የሂሳብ ባለሙያነት ፈተናዋን ክፍል በክፍል ለመጨረስ አቅዳ ሄደች። ልጇን ትምህርት ቤት አድርሳ እስከ ምሳ ታጠናለች፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ትፈተናለች። ስትመለስ ከለቀቀችበት የተሻለ ቦታ ተቀጠረች። ሁሉም እንዲህ ይቀናዋል ማለት አልችልም፤ ሳያቅድ የሄደ ግን ሲቀናው አላየሁም።

ሚስቱን ተከትሎ የሚሄድ ባልም አለ፣ ቁጥሩም እየጨመረ ነው። ዘመድ አዝማድ ማጉረምረሙ አይቀርም። በዚህ ጉዳይ የሁለቱ ስምምነት እንጂ የአጎት አስተያየት ሊቆጠር አይገባም።

ሴት ነኝ። ልጆች ስላሉኝ ምደባ ሲመጣ ስሜ አይነሳም። ምን ላድርግ?

ይህ የሚያናድደኝ ነው። «እሷ ልጆች አሏት፣ አትሄድም» የሚለው ውሳኔ እርስዎ በሌሉበት፣ ብዙ ጊዜም በቅን ልቦና ተወስኖ ያልቃል። ልጆች ያሉት ወንድ ግን «ቤተሰቡን ይዞ ይሄዳል» ይባላል። ዝምታዎን እንደ እምቢታ እንዳይቆጥሩት ፍላጎትዎን በጽሑፍ ያሳውቁ፦ በየትኛው የሥራ መደብ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ በየትኛው አካባቢ ለመመደብ ዝግጁ እንደሆኑ ለአለቃዎ ይጻፉ፤ ግልባጩን ለሰው ሀብት ክፍል ያድርጉ። በዓመታዊው ምዘና ላይም ያስሞሉት። የተጻፈን ፍላጎት አልፎ ሌላ ሰው መመደብ ምክንያት ይጠይቃል።

ልጆቼን ይዤ ብሄድ ሲመለሱ በትምህርት አይቸገሩም?

ከ11ኛና 12ኛ ክፍል ልጅ ጋር አይዘዋወሩ፤ ከተቻለ ምደባው ከዚያ በፊት ይለቅ ወይም በኋላ ይጀምር። ከዚያ በታች ላሉት የማስተማሪያ ቋንቋው ይታሰብ። ሎሜ ወይም ዳካር በፈረንሳይኛ የጀመረ ልጅ አዲስ አበባ ሲመለስ በሊሴ ገብረ ማርያም ሊቀጥል ይችላል፤ ቦታ ለማግኘት ግን ቀደም ብሎ ማመልከት ያስፈልጋል። አማርኛ ማንበብና መጻፍ እቤት ውስጥ ካልቀጠለ በሁለት ዓመት ይደበዝዛል፤ በየምሽቱ ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል።

ርቄ ሳለሁ ዋናው መሥሪያ ቤት እንዳይረሳኝ ምን ላድርግ?

ከዓይን የራቀ ከልብ ይርቃል፤ በመሥሪያ ቤትም እንዲሁ ነው። ሥራዬ ይናገርልኛል ብሎ መቀመጥ ጨዋነት ቢመስልም ሥራዎ በሌላ አገር ስለሆነ አዲስ አበባ ላይ የሚያየው የለም።

ከመሄድዎ በፊት በኃላፊነት ደረጃ ያለ፣ ስብሰባ ላይ ስምዎን የሚያነሳ አንድ ሰው ይኑርዎት፤ እሱን ስለ ሥራዎ በየጊዜው ያሳውቁት። በወር አንድ ጊዜ ከአንድ ገጽ ያልበለጠ ሪፖርት ይላኩ፦ ምን ተሠራ፣ ምን ተገኘ፣ ዋናው መሥሪያ ቤት ከዚህ ገበያ ምን ሊማር ይችላል። የመጨረሻው ነጥብ ትልቅ ነው፤ ሪፖርትዎን ከቅሬታ ደብዳቤ ይለየዋል። ለዓመት ፈቃድ ሲመጡ ሁለትና ሦስት ቀን ለቢሮ ይመድቡ። ከአለቃዎ በላይ ያሉትን ብቻ ሳይሆን ማኅደርዎን የያዘችውን የመዝገብ ቤት ሠራተኛም ሰላም ይበሉ፤ የጎደለ ምዘና ካለ የምትነግርዎት እሷ ናት።

የመሥሪያ ቤቱን ዕድር መዋጮ አያቋርጡ። ከሩቅ ሆኖ በወር ጥቂት ብር መክፈል ትንሽ ነገር ይመስላል። የባልደረባ እናት ስታርፍ ስምዎ በዕድርተኞች ዝርዝር ውስጥ ሲነበብ፣ እርስዎም ደውለው «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ሲሉ ግን አሁንም የቤቱ ሰው ነዎት። ሲመለሱ የሚቀበሉዎት እነዚህ ሰዎች ናቸው።

በተመደብኩበት አገር ካሉ የአካባቢው ሠራተኞች ጋር እንዴት ልሥራ?

እርስዎ ከመምጣትዎ በፊት ነበሩ፣ ከሄዱም በኋላ ይኖራሉ። ክፍያቸው ከእርስዎ ያነሰ መሆኑን ያውቃሉ። የመጀመሪያዎቹን ወራት ለመጠየቅ እንጂ ለማስተካከል አያውሏቸው። ከመካከላቸው አንዱን ቦታዎን እንዲረከብ ማብቃት ከቻሉ በማኅደርዎ ላይ የሚጻፍ ትልቅ ሥራ ሠርተዋል።

አዲስ አበባ ሆኜ ዓለም አቀፍ ሙያ መገንባት አልችልም?

ይችላሉ። እንዲያውም ይህን ዕድል ያላቸው የአፍሪካ ከተሞች ጥቂት ናቸው። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1958 ተቋቁሞ መቀመጫውን አዲስ አበባ አደረገ፤ እ.ኤ.አ. በ1963 የተመሠረተው የአፍሪካ አንድነት ድርጅትና ተተኪው የአፍሪካ ኅብረትም እዚሁ ናቸው። ከነሱ ጋር በርካታ ኤምባሲዎችና ዓለም አቀፍ ድርጅቶች አሉ።

መረዳት የሚገባው የሥራ መደቦቹን ልዩነት ነው። በተባበሩት መንግሥታት ሥርዓት ለአገሩ ዜጎች ብቻ የተከፈቱ የብሔራዊ ባለሙያ መደቦች አሉ፤ ለየትኛውም አገር ዜጋ ክፍት የሆኑ ዓለም አቀፍ መደቦችም አሉ። ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው በዕድገት ማለፍ አይቻልም፤ እንደ ማንኛውም አመልካች መወዳደር ያስፈልጋል። በብሔራዊ መደብ የሠሩበት ዘመን ግን እንደ ልምድ ይቆጠራል። ወጣት ባለሙያዎችን የሚመለምለው ፈተና ዕድሜያቸው ከ32 ዓመት ላልበለጠ ሲሆን የሚሳተፉት አገሮች በየዓመቱ ስለሚለያዩ ዝርዝሩን መከታተል ነው። ፈረንሳይኛ ደግሞ በዚህች ከተማ ከሁለተኛ ዲግሪ እኩል በር የሚከፍትበት ጊዜ አለ፤ ከሥራ መልስ መማር ይቻላል።

እዚሁ የቀረ ሰው ወደኋላ የቀረ አይደለም። የታመሙ ወላጆች ያሉት፣ ባለቤቱ በሥራዋ ጥሩ ደረጃ ላይ የደረሰች፣ ወይም በአገሩ ሥራ ላይ ልቡ ያለ ሰው መቅረቱ የታሰበበት የሙያ ውሳኔ ነው።

የሙያ ፈቃዴስ?

ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ ኦዲተር ከሆኑ የማደሻ ጊዜውን ሳይጠብቁ ከውጭ ሆነው እንዴት እንደሚታደስ ይጠይቁ። ውጭ የወሰዱትን ሥልጠና ሁሉ በምስክር ወረቀት ይያዙ። የቀድሞ አሠሪ የሥራ ልምድ ደብዳቤ አገሩን ሳይለቁ ይውሰዱ፤ በኋላ በስልክ ማስጻፍ አድካሚ ነው።

መመለሱ ለምን ከመሄዱ ይከብዳል?

ካሌርቮ ኦበርግ የተባለው የሥነ ሰብእ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1960 በባዕድ አገር የሚደርሰውን ግራ መጋባት ገልጾ ጻፈ፤ በ1963 ደግሞ ጉላሆርን የተባሉ ባልና ሚስት ተመራማሪዎች ያው ስሜት ወደ አገር ሲመለሱም እንደሚደገም አሳዩ። ሲሄዱ ችግር ይጠብቃሉ፤ ወደ ቤት ሲመለሱ ግን ማንም ራሱን አያዘጋጅም።

አንድ ባልደረባችን የተመለሰበትን የመጀመሪያ ሰኞ አስታውሳለሁ። የበሩ መታወቂያ ካርዱ ስላልታደሰ ጥበቃው ከእንግዳ መዝገብ ላይ እንዲፈርም ጠየቀው። ፎቅ ላይ ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ነበር። የስብሰባ አዳራሹ ውስጥ ኮምፒውተሩን ከፍቶ ተቀመጠ፤ አሥር ሰዓት ላይ ስብሰባ ስለነበር ከዚያም ተነሳ። የሂሳብ ሶፍትዌሩ እሱ ከሄደ በኋላ ተቀይሮ ነበርና ከሥሩ የነበረው ወጣት አስተማረው። የውጭ ቅርንጫፉን ለዓመታት የመራ ሰው ነው። በዓመቱ ሥራ ለቀቀ፤ መሥሪያ ቤቱም ብዙ ገንዘብ አውጥቶ ያስተማረውን ዕውቀት ለተወዳዳሪ ሰጠ።

ይህ እንዳይደርስብዎ ከመመለስዎ ስድስት ወር በፊት ለሰው ሀብት ክፍልና ስብሰባ ላይ ስምዎን ለሚያነሳልዎ ኃላፊ ይጻፉ፦ መቼ እንደሚመጡ፣ ምን እንደቀሰሙ፣ የትኛው መደብ ላይ ቢሆኑ ጥቅም እንደሚሰጡ። ክፍት መደቦችን ከሩቅ ይከታተሉ፤ የውስጥ ማስታወቂያ ሲወጣ ከዚያው ሆነው ያመልክቱ። ከገቡ በኋላ ለጥቂት ወራት «እዚያ እኮ እንዲህ ነበር የምንሠራው» ማለት ይቀንሱ። ሐሳቡ ልክ ቢሆንም ሰሚውን ያሸሻል። ያዩትን የተሻለ አሠራር በአንድ ትንሽ ሥራ ላይ ሞክረው ያሳዩ።

መሥሪያ ቤት የሚመሩ አንባቢዎችም ካሉ፦ የተመላሹን ካርድና ወንበር ከመምጣቱ በፊት ማዘጋጀት ምንም ወጪ የለውም።

ከምደባ ተመልሼ ሥራ ብለቅ ያስጠይቀኛል?

የአገልግሎት ግዴታ ፈርመው ከነበረ አዎ። ብዙ መሥሪያ ቤቶች ለሥልጠናም ሆነ ለምደባ ሲልኩ ከተመለሱ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ የማገልገል ውል ያስፈርማሉ፤ ዋስም ያስጠራሉ። ግዴታዎን ሳይጨርሱ ሲለቁ ዕዳው ወደ ዋስዎ ይሄዳል፤ ዋሱ ብዙ ጊዜ ወንድምዎ ወይም የልብ ጓደኛዎ ነው። የጊዜውን ርዝመትና የሚመለሰው ገንዘብ ካገለገሉት ጊዜ ጋር እየቀነሰ መሄዱን ሳይፈርሙ ያረጋግጡ። ግዴታ ከሌለብዎት ወይም ከጨረሱ መልቀቅ ነውር የለውም።

የቀረበልኝን ምደባ እምቢ ብል ዳግመኛ አይጠሩኝም?

በዝምታ ወይም በሰበብ ከሸሹ፣ አዎ፣ ሊረሱዎ ይችላሉ። ምክንያትዎን በግልጽ ይናገሩ፤ የቤተሰብ ሕመም ከሆነ ሕመም፣ የልጅ ፈተና ከሆነ ፈተና ይበሉ። በዚያው ደብዳቤ ላይ ከመቼ ጀምሮ መሄድ እንደሚችሉ ይጻፉ፤ እስከዚያው የሁለት ወይም የሦስት ወር አጭር ተልዕኮ ካለ ዝግጁ መሆንዎንም ይግለጹ። የደረሰኝ ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ ለራስዎ ያስቀሩ።